ጂኦኬሚስትሪ ወይስ የአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ? ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ አሁን በአንድ የውኃ ጥራት ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በጂኦኬሚስትሪ ልማር ወይስ በአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ? ጂኦሎጂ ተምሬ ስለማላውቅ፣ የድንጋይ ትምህርት የማይበዛበት ሁለተኛው የሚቀለኝ ይመስለኛል። የመመረቂያ ጥናቴን በጣና ደለል ውስጥ ባሉ ከባድ ብረቶች ላይ ልሠራ አስቤአለሁ፤ ካልሆነም በፍሎራይድ ላይ። ውጭ አገር ሄጄ ካልተማርኩትስ ትርጉም ይኖረዋል?»

በመጀመሪያ መታረም ያለበት፣ የአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ ድንጋይ ስለማይበዛበት ይቀላል የሚለው ግምት ነው። ሁለቱም ትምህርቶች በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም ንጥረ ነገሮች በዓለት፣ በአፈር፣ በውኃ፣ በአየርና በሕያዋን መካከል እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ በምን ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩና የት እንደሚቀሩ መመርመር ነው። የሚለያዩት በሚያነሡት ጥያቄ ነው። ጠቅላላው ጂኦኬሚስትሪ የቅልጥ ዓለትን አመነጫጨት፣ የማዕድን ክምችትን፣ የዓለትን ዕድሜና የጥንቱን የአየር ንብረት ሳይቀር ያጠናል፤ የአካባቢ ጂኦኬሚስትሪ ደግሞ በምድር ገጽ አጠገብ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜም የሰው እጅ በገባበት ስፍራ የሚሆነውን ይይዛል። ክብደትን ካነሣን፣ በእኔ ግምት የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በሺህ ዲግሪ ሙቀት የሚካሄድ የኬሚካል ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑ ላይ ስለሚደርስ በቴርሞዳይናሚክስ ስሌት ውጤቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በሃያ ዲግሪ ሙቀት ባለ ረግረግ ውስጥ ግን ለውጡ አዝጋሚ ነው፤ ረቂቅ ሕዋሳት ይገቡበታል፤ ክረምትና በጋ ይፈራረቁበታል፤ ሚዛኑም ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ማዕድናትን አለማወቅ ሲጨመርበት ተመራማሪው ቁጥር እንጂ ማብራሪያ አይኖረውም።

ይህን ለማየት የራስዎን ርእስ እንውሰድ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የሚያመጡለት ደለል በአብዛኛው ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ ላቫ የተሠራ ጥቁር ዓለት፣ ፈርሶ የተገኘ ነው፤ ከፊሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ከሠራው ላቫ፣ ከፊሉም በደቡብ በኩል የዓባይን መውጫ ዘግቶ ሐይቁን ከቋጠረው እጅግ ወጣት ላቫ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ በየዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው የተለመደ ጥናት ከዳርቻው ደለል ይሰበስባል፣ በአሲድ ያሟሟል፣ የክሮሚየም፣ የኒኬል፣ የመዳብና የእርሳስ መጠን ይለካል፣ ከዚያም ያገኘውን ቁጥር ለዓለም አማካይ ሼል፣ ማለትም ከጭቃ ለተሠራ ዓለት፣ አካፍሎ «የብክለት መጠን» ያወጣል። አማካዩ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ጂኦኬሚስቶቹ ቱሬኪያንና ቬዴፖል እ.ኤ.አ. በ1961 ካወጡት ሰንጠረዥ ነው።

ያው ሰንጠረዥ የባዛልትንም አማካይ ይዟል፤ የሚገርመው ግን ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ ጥቂት መሆኑ ነው። በሼል ውስጥ ክሮሚየም በኪሎ ግራም 90 ሚሊግራም ሲሆን በባዛልት 170 ነው። ኒኬል 68 ሲሆን በባዛልት 130፣ መዳብ 45 ሲሆን በባዛልት 87 ነው። አሁን ሙለር እ.ኤ.አ. በ1969 ባቀረበው የክምችት መለኪያ ያስሉት፤ መለኪያው የተገኘውን መጠን በ1.5 ለተባዛ መነሻ፣ ማለትም ንጹሕ ተብሎ ለተወሰደው መጠን፣ አካፍሎ፣ በሁለት መሠረት ሎጋሪዝም ይገልጸዋል፤ ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ብክለት አለ ይባላል። የሰው እጅ ፈጽሞ ያልነካው ንጹሕ የባዛልት ዱቄት ከሼል ጋር ቢነጻጸር ለክሮሚየም 0.33፣ ለኒኬል 0.35፣ ለመዳብ 0.37 ይመጣል። ስለዚህ ከተራራ ላይ የተፈጨ ድንጋይ «በመጠኑ የተበከለ» ወደሚባለው መደብ መሻገር ይጀምራል ማለት ነው። ጥናቱ በዚህ ተመርኩዞ ፋብሪካ ወይም ከተማ ይወቅሳል።

በእርሳስ በኩል ያለው ስሕተት የባሰ ነው፤ አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ አይታይም። የሼል እርሳስ 20 ሚሊግራም፣ የባዛልት 6 ብቻ ነው። ከከተማው ጎርፍ መውረጃ አጠገብ በተወሰደ ደለል ውስጥ እርሳስ 18 ሚሊግራም ተገኘ እንበል፤ ይህ ከባዛልቱ ሦስት እጥፍ ነው። ከሼል ጋር ሲሰላ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች፣ −0.74 ይሆንና ናሙናው «ያልተበከለ» ይባላል። መነሻው ባዛልት ቢሆን ኖሮ 1 ይመጣ ነበር። እንግዲህ በሌላ አገር ቁና መስፈር በአንድ በኩል ንጹሑን ያስከስሳል፣ በሌላ በኩል ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣል፤ ሁለቱም በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአንድ ገጽ ላይ።

የዓለም ባዛልት አማካይም ቢሆን የመጨረሻ መልስ አይሆንም። በባዛልት ውስጥ የክሮሚየም መጠን እንደ ላቫው ዓይነት ከጥቂት ዐሥሮች እስከ በርካታ መቶዎች ሚሊግራም ይለያያል፤ ምክንያቱም ክሮሚየምና ኒኬል ቀድመው በሚረጉት ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ክሮማይት በሚባሉ ማዕድናት ውስጥ ስለሚገቡ፣ ላቫው በጉዞው እነዚህን ጥሎ ከመጣ ድሃ፣ ይዞ ከመጣ ሀብታም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ባዛልቱ ወደ ቀይ አፈር ሲለወጥ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ማግኒዥየም ታጥበው ሲሄዱ ብረት፣ አሉሚኒየምና ቲታኒየም ይቀራሉ፤ ክሮሚየምና ቫናዲየምም ከሚቀሩት ጋር ይወፍራሉ። የሚያስፈልግዎ የአካባቢው የተፈጥሮ መነሻ መጠን ነው፤ ይህም የሚገኘው ከሰው እንቅስቃሴ በላይ ካለው የወንዝ ራስጌ ከተወሰደ ደለል፣ ወይም ከሐይቁ ወለል ላይ በቧንቧ ከሚወጣ የደለል አምድ ታችኛ ክፍል ነው። ያገኙትንም መጠን በአሉሚኒየም ወይም በቲታኒየም አካፍለው ካላስተካከሉት፣ ደቃቅ ጭቃን ከአሸዋ ጋር እያወዳደሩ ልዩነቱን ብክለት ይሉታል። (የደለል አምድ በጣና ላይ ከብክለትም ያለፈ ታሪክ አለው፤ ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የታወቀው ከወለሉ ከወጣ አምድ ነው። ጠቅላላ ጂኦኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይህንም በር መክፈት ይችላል።)

የላቦራቶሪው አሠራርም የድንጋይ ዕውቀት ይጠይቃል። አኳ ሬጂያ የሚባለው የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ድብልቅ ክሮማይትን ፈጽሞ፣ ፓይሮክሲንንም በሙሉ አያሟሟም። በ1961 ሰንጠረዥ ያሉት ቁጥሮች ግን የጠቅላላ መጠን ናቸው። በከፊል የሟሟን ናሙና ከጠቅላላ መጠን ጋር ማወዳደር ሌላ ስሕተት ይጨምራል፤ አንዳንዴም ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ልክ የሚመስል ቁጥር ይወጣል። ሙሉ ማሟሟት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይፈልጋል፤ ይህ አሲድ በቆዳ ውስጥ ሳይታወቅ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም የሚያጠቃና ሊገድል የሚችል ስለሆነ፣ የሚሠራ የጭስ መሳቢያ፣ ተገቢ ጓንትና ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በሌለበት ክፍል ማንም አማካሪ ቢያዝዝዎ እንኳ እንዳይነኩት። ጠቅላላውን መጠን በኤክስ-ሬይ ፍሎረሰንስ ያለ አሲድ መለካት ይቻላል፤ ለጣና ዓይነት ደለል እኔ ይህን አስቀድማለሁ።

የክሮሚየም ጠቅላላ መጠን ራሱም ስለ ጉዳት የሚናገረው ጥቂት ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም በአብዛኛው የተፈጥሮ ውኃ ውስጥ በደለል ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ መርዛማውና በውኃ የሚጓዘው ባለ ስድስቱ ነው። አንዱ ወደ ሌላው መለወጡን የሚወስኑት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው)፣ የኦክስጅን መኖር፣ የማንጋኒዝ ኦክሳይድና የበሰበሰ ዕፅዋት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው 0.05 ሚሊግራም በሊትር የጠቅላላ ክሮሚየም መጠን እንደሆነ በላቦራቶሪዎ ያውቁታል፤ የደለል ቁጥር ከዚህ ጋር በቀጥታ የሚነጻጸር አይደለም፤ ሆኖም ሲነጻጸር አያለሁ።

ስለ ፍሎራይድ አጭር መልስ ይበቃል፦ በጣና ዙሪያ አይሥሩት። የአገራችን የፍሎራይድ ችግር በዋናነት የስምጥ ሸለቆ ችግር ነው። በዚያ ያሉት ሲሊካ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ዓለቶች ፍሎራይድ ያመነጫሉ፤ ውኃው ደግሞ ሶዲየምና ባይካርቦኔት በዝቶበት ካልሲየም ስላነሰው ፍሎራይዱን በፍሎራይት፣ ማለትም በካልሲየም ፍሎራይድ ማዕድን፣ መልክ የሚያረጋው ነገር አያገኝም። የጣና ተፋሰስ የባዛልት ውኃ በብዛት የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የባይካርቦኔት ውኃ ነው፤ ጨውም ያንሰዋል። ችግሩ አገራዊ ስለሆነ ብቻ ወደዚህ ማምጣት፣ «አልተገኘም» የሚል ሁለት ዓመት የፈጀ ጥናት ማቅረብ ይሆናል።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የእኔ ምክር ጠቅላላ ጂኦኬሚስትሪን ወይም ጠንካራ የጂኦኬሚስትሪ ዘርፍ ያለውን የምድር ሳይንስ ማስተርስ ገብተው፣ የመመረቂያ ጥናትዎን ብቻ በአካባቢ ጉዳይ ላይ እንዲያደርጉት ነው። ምክንያቱ ከላይ የታየው ብቻ አይደለም። የተማሩት መሠረት ሰፊ ከሆነ የሥራ በሩም ይሰፋል፤ ያው ሰው የተፋሰስና የውኃ መሥሪያ ቤት፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚሠራ አማካሪ ድርጅት፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከወንዝ ደለል ናሙና ወርቅ የሚፈልግ ኩባንያም ይቀጥረዋል። በስሙ «አካባቢ» የሚል ያለበት ዲግሪ ከእነዚህ በሮች ከፊሉን ብቻ ይከፍታል፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ በውስጡ ፖሊሲና አስተዳደር በዝቶበት ማዕድን ጥናትና የውኃ ኬሚስትሪ በአንድ ኮርስ ተጠቃለው ይገኛሉ። ስለዚህ የዲግሪውን ስም ትተው የኮርሶቹን ዝርዝር ይመልከቱ፦ ማዕድን ጥናትና ፔትሮሎጂ (የዓለት ጥናት)፣ የዝቅተኛ ሙቀት የውኃ ኬሚስትሪ፣ አይሶቶፕ፣ የመረጃ ስታቲስቲክስና የመስክ ኮርስ ከሌሉበት ስሙ ምንም ቢሆን አይግቡበት። ኬሚስትሪ የተማረ አመልካች ሁሉም ትምህርት ክፍል ስለማይቀበል፣ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከመቀመጥዎ በፊት የመግቢያ መስፈርቱን ከትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ የምዝገባ ቀን አያገለግልም።

ኬሚስት መሆንዎ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ብዙ የጂኦሎጂ ምሩቃን የሚሰናከሉበትን ቴርሞዳይናሚክስና የመለኪያ ኬሚስትሪ እርስዎ ይዘውት ይገባሉ። የሚጎድልዎ ድንጋይን በእጅ ይዞ ማወቅ፣ የጂኦሎጂ ካርታ ማንበብና በምድር ላይ ነገሮች በምን ቅደም ተከተል እንደተደራረቡ ማሰብ ነው። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ከመግባትዎ በፊት አንድ ዓመት ካለዎት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት የጂኦሎጂ መማሪያዎችን ያንብቡ፤ ከተቻለም በዩኒቨርሲቲው የማዕድን ጥናት ኮርስ ላይ በአድማጭነት ለመቀመጥ ያስፈቅዱ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ገደል ጀምሮ እስከ ከተማው ዙሪያ የድንጋይ ካባዎች ድረስ የባሕር ዳር አካባቢ ለባዛልት መማሪያ የተመቸ ነው፤ ጂኦሎጂ የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ እንጂ ብቻዎን አይሂዱ፤ የሚያሳይ ሰው ከሌለ ሁሉም ጥቁር ድንጋይ ነው።

ስለ መሣሪያ የሚነገረውን በጥንቃቄ ይስሙ። በአንድ ትምህርት ክፍል አይሲፒ-ኤምኤስ የተባለው የጥቃቅን ንጥረ ነገር መለኪያ «አለ» ሲባል መጠየቅ ያለበት፣ ባለፈው ዓመት ስንት ናሙና ለካ፣ የአርጎን ጋዝ ከየት ይመጣል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። መልሱ ካልተሟላ መሣሪያው የለም ብለው ያቅዱ። በዚህ ጊዜ ለእርስዎ የምመርጠው ርእስ ከደለል ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይዞራል። የባሕር ዳር ዙሪያ ወጣት ባዛልት ቀዳዳማና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ውኃን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ በእጅ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚጨምርና ከባዛልቱ መፍረስ ከሚመጡት ጨዎች በምን እንደሚለይ መጠየቅ ለማስተርስ የሚበቃ፣ ለከተማውም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ዋና ዋናዎቹ አዮኖች አሁን በሚሠሩበት ዓይነት ላቦራቶሪ በታይትሬሽን፣ በፍሌም ፎቶሜትርና በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካሉ። ስሌቱ ደግሞ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት በነጻ በሚያቀርበው ፍሪክ (PHREEQC) በተባለው ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ ይሠራል።

በዚህ ሥራ ላይ ቸል የማይባሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ)፣ ፒኤችና ሙቀት በጉድጓዱ አፍ ላይ ይለኩ፤ ውኃው በላስቲክ ጠርሙስ ተዘግቶ ሲያድር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጠው ፒኤቹ ይለወጣል። ለብረቶች የሚሆነው ናሙና በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ከተጣራ በኋላ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይውረድ፤ ለናይትሬት የሚሆነው ጠርሙስ ግን ይህ አሲድ አይገባበትም፤ ከገባበት የሚለኩት የራስዎን አሲድ ነው። የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አዮኖች ድምር ልዩነት ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ትንታኔው ይደገም። ናይትሬትንም ሲጽፉ በናይትሬት ወይስ በናይትሮጅን እንደተገለጸ ይለዩ፤ በናይትሬት 50 ሚሊግራም የሆነው የመጠጥ ውኃ ወሰን በናይትሮጅን 11 ገደማ ነው፣ ሁለቱን ማቀላቀል ንጹሕን ጉድጓድ ሊያዘጋ፣ የተበከለን ሊያስጠጣ ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የትምህርት ካላንደሩና ዝናቡ አይስማሙም። ብዙ ተማሪ የጥናት ሐሳቡን የሚያጸድቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ የበጋ ናሙና ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ወንዞቹ አብዛኛውን ደለል የሚያመጡትና የጉድጓዶች ውኃ ከፍ የሚለው ግን በክረምት ነው። በአንደኛው ዓመት ሚያዝያ ርእስዎ ካልጸደቀ የነሐሴን ናሙና ያጣሉ፤ የሚቀጥለው ነሐሴ ደግሞ ከመመረቂያዎ በኋላ ነው።

ውጭ አገር መማር ግዴታ አይደለም። የብሪታንያ ማስተርስ አንድ ዓመት፣ የጀርመኑ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ጂኦሎጂ ላልተማረ ኬሚስት የአንድ ዓመቱ ይጣደፋል፤ የጥናት ሥራው በጥቂት ወራት ስለሚያልቅም በጣና ላይ ክረምትና በጋን ለማየት አይበቃም፤ ስለዚህ ስኮላርሺፕ ከተገኘ ሁለት ዓመቱን ይምረጡ። ከውጭ የሚገኘው እውነተኛ ጥቅም የአይሶቶፕና የጥቃቅን ንጥረ ነገር መለኪያዎችን በእጅ ማንቀሳቀስ ሲሆን፣ ይህም በአገር ውስጥ ተመዝግቦ ጥቂት ናሙናዎችን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ በመላክ በከፊል ይተካል። ለዚህ ሁለት ጥንቃቄ አለ፤ ናሙና ከአገር ለማስወጣት ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የናሙናውን ቁጥር ደግሞ በምኞት ሳይሆን በተገኘው ገንዘብ ልክ መወሰን። ከሚላኩት መካከል ድግግሞሾች፣ ባዶ ናሙናዎችና መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ ናሙና ተካተው መታሰብ አለባቸው፤ ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነርሱ ናቸው፤ ያለ እነርሱ የቀሩት ቁጥሮች ዋጋ የላቸውም።

አሁን ማድረግ የሚገባዎ አማካሪ መፈለግ ነው። ጥያቄዎን፣ በእጅዎ ያለውን የላቦራቶሪ ልምድና ሊለኩ የሚችሉትን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው፣ በውኃ ኬሚስትሪ ወይም በእሳተ ገሞራ ዓለት ጂኦኬሚስትሪ ጥናት ላሳተሙ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ይላኩ፤ ከማን ጋር እንደሚሠሩ ከታወቀ በኋላ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመለሳል። መሥሪያ ቤትዎም ትምህርቱን ከሥራ ጋር የሚፈቅድ ከሆነ፣ በውሉ ላይ ላቦራቶሪውን ለጥናትዎ የመጠቀም መብት በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ።